የሚስተር ማውዝ የሥራ አፈጻጸም

ስለ ነገሥታት ብዙ ተጽፏል። ስለ ጦር አዝማቾች፣ ስለ ባሕር አሳሾች፣ ጨረቃ ላይ ስለወጡ ሰዎች ሳይቀር ወረቀት እስኪያልቅ ተጽፏል። ስለ እኛ ጽሕፈት ቤት ግን እስከ ዛሬ አንድ መስመር የጻፈ የለም። ይህን የመሰለ ግፍ በዝምታ ማለፍ ስላልቻልኩ ብዕሬን አንስቻለሁ።

በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት ከሚገኙት ካውንቲዎች፣ ማለትም ወረዳዎች፣ በአንዷ፣ ስሟን ብጠራ ስለምትኩራራ ይቅር፣ የግንባታ ፈቃድ የምንሰጥ ሰዎች ነን። አጥር ማጠር የፈለገ፣ የዶሮ ቤት መሥራት ያማረው፣ ጓሮው ውስጥ የእንጨት መደብ ዘርግቶ ሥጋ ሊጠብስ የተመኘ ሁሉ ወደ እኛ ይመጣል። መጥቶም ይጠብቃል። በጽሕፈት ቤታችን አንድ ጉዳይ በተነሳበት ቀን አልቆ አያውቅም። አንዴ ብቻ አልቆ ነበር፤ ስሕተት መሆኑ ሲደረስበት ተመልሶ ተከፈተ።

የዚህ ሁሉ ክብር ባለቤት ዳይሬክተራችን ሚስተር ዌንደል ክራውስ ናቸው። ሚስተር ክራውስ የተናጋሪዎች አውራ ናቸው። ሕንጻው በእሳት ቢያያዝ እንኳ መጀመሪያ ስለ እሳት አጠቃላይ ማብራሪያ ይሰጣሉ፣ ቀጥሎ አስተያየት ይቀበላሉ፣ ከዚያ ለሻይ ያሰናብታሉ። እኔ መዝገብ ቤት ስለምሠራ፣ መኪናቸውንም አልፎ አልፎ ስለምነዳ፣ ይህን ንግግር ከማንም በላይ የጠገብኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ የተጀመረው በዶሬታ ሲምስ የእጅ አንጓ ነው። ዶሬታ ማመልከቻዎችን ኮምፒውተር ውስጥ የምታስገባ ጥቁር አሜሪካዊት ጊዜያዊ ሠራተኛችን ናት። ጊዜያዊ ስላት ትናንት የመጣች እንዳይመስላችሁ። ከአብዛኞቻችን በፊት የነበረች ናት፤ ውሏ በየበጋው መጨረሻ እየታደሰ ጊዜያዊነቷ ራሱ ቋሚ ሆኖ ቀርቷል። ሥራዋ ያንኑ የካውንቲ ስም መምረጥ፣ ያንኑ አንቀጽ መፈለግ፣ ያንኑ «በደንቡ መሠረት ተመርምሮ» የሚል ሐረግ መለጠፍ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ መንካት፣ መጎተት፣ እንደገና መንካት። እጇ እምቢ አለ። አንጓዋ አበጠ፣ ጣቶቿ ደነዘዙ፣ ደህና የቀረላት አውራ ጣቷ ብቻ ሆነ። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግሻል አላት።

እንግዲህ ልብ በሉ። ለቀዶ ሕክምናው የሚከፍል ኢንሹራንስ የሚሰጠው ለቋሚ ሠራተኛ ነው። በዚያ በጋ አንዲት ቋሚ መደብ ተከፍታ ነበር። መደቧን ለማግኘት የተቆለለውን ማመልከቻ ጨርሶ ማሳየት ያስፈልጋል። ለመጨረስ ደግሞ እጅ ያስፈልጋል። እጁ እንዲድን ቋሚ መሆን፣ ቋሚ ለመሆን የዳነ እጅ ይዞ መገኘት። ይህን ያቀነባበረው ሰው ማን እንደሆነ ባላውቅም አእምሮው የሚደነቅ ነው።

ዶሬታ አልቅሳ አልተቀመጠችም። ርካሽ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ሄዳ አንድ ማውዝ ገዛች። ባለ ገመድ ነው። ጥቁር ፕላስቲክ፣ ጀርባው ላይ እሳት የሚተፋ ዘንዶ የተሳለበት፣ ሆዱ ውስጥ ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ መብራት የሚለዋወጥበት፣ ጎረምሶች በጌም ጭራቅ ሲያሳድዱ የሚጨብጡት ዓይነት። በአውራ ጣት በኩል አሥራ ሁለት ትንንሽ ቁልፎች ተደርድረውበታል፤ እያንዳንዱን ቁልፍ የፈለጉትን ሥራ ማስተማር ይቻላል። ዶሬታ ቤቷ ቁጭ ብላ አንዱን ቁልፍ የካውንቲውን ስም፣ አንዱን አንቀጹን፣ አንዱን «ፈቃድ ተሰጥቷል» ብሎ ልኮ ቀጣዩን ማመልከቻ መክፈትን አስተማረችው። አውራ ጣቷን ብቻ እያንቀሳቀሰች የቀኑን ሥራ በጠዋቱ ልትጨርስ ነው። ደስ ብሏት በማግሥቱ ይዛው መጣች፤ የኮምፒውተር ክፍሉ ዱዌይን ጋ ሄደች።

«ዱዌይን፣ ይሄ እዚህ ይሰካል?»

«አዎ፣ ይሰካል።»

«በል ሰካልኝ።»

«አይሰካም።»

«አንተ ሰውዬ፣ አሁን ይሰካል አላልክም?»

«መሰካቱንማ ይሰካል። ግን አልተገመገመም። ያልተገመገመ ነገር ከካውንቲው ኮምፒውተር ጋር አይነካካም።» በእጁ የያዘውን ዶናት ገመጠ። «ሎርናን አናግሪያት።»

ሎርና ፒኬት የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊያችን ናት። ሎርና ክፉ ወሬ ባዶውን አትሰጥም፤ ከላይና ከታች ምስጋና አድርጋ መሃል ላይ እንደ ሳንዱች ታስቀምጠዋለች። ስልጠና ወስዳበታለች።

«ዶሬታ ማሬ! ሹራብሽ እንዴት ነው የሚያምረው!»

«አለቀልኝ በይኛ» አለች ዶሬታ።

«ለታመመ ሠራተኛ ልዩ የሥራ ድጋፍ መስጠት የጽሕፈት ቤታችን ኩራት ነው፤ ለቋሚ ሠራተኛ ማለቴ ነው። አንቺ ደግሞ ቋሚ አይደለሽም። ፈገግታሽን ግን ሁላችንም እንወደዋለን።»

«እኔ መች ድጋፍ ጠየቅኩሽ? በገንዘቤ ገዝቼ አመጣሁ። ሰኩልኝ ነው ያልኩት።»

«እሱማ መጀመሪያ መገምገም አለበት።»

«ይገምገማ!»

«በየትኛው መመሪያ?» አለች ሎርና፤ ፊቷ ላይ እውነተኛ ጭንቀት ነበር።

እውነቷን ነው። ጽሕፈት ቤታችን ያለው አንድ የግምገማ መመሪያ ብቻ ነው፤ እሱም የሠራተኛ ነው። ጉዳዩ ወደ ሚስተር ክራውስ ቀረበ፤ ሚስተር ክራውስም ስብሰባ ጠሩ።

«ክቡራትና ክቡራን» አሉ፤ ስምንት ሰዎች ነበርን። «ግምገማ ግምገማ ነው። ሰውን ያህል ክቡር ፍጡር የመዘነ መመሪያ ማውዝ መመዘን ያቅተዋል የሚል እምነት የለኝም። አዲስ መመሪያ እናውጣ ብንል ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ኮሚቴው ንዑስ ኮሚቴ ይወልዳል። ስለዚህ ከጊዜ ቁጠባ አንጻር፣ ያለውን መመሪያ ሳንሸራርፍ ሥራ ላይ እንድናውል አቅጣጫ አስቀምጣለሁ።»

ጊዜ በመቆጠቡ ተደስተን አጨበጨብን። ስለ ቁጠባው ስንወያይ ቀኑ መሸ።

ሳንሸራርፍ ተብሏልና አልሸራረፍንም። መመሪያው ሲጀመር «ተገምጋሚው በሙከራ ቅጥር ላይ ያለ መሆን ይኖርበታል» ይላል። ስለዚህ ማውዙ ተቀጠረ። ስም ሲጠየቅ ዱዌይን ካርቶኑን አገላብጦ አነበበ፤ ጌሚንግ ማውዝ። ስም፣ ጌሚንግ፤ የቤተሰብ ስም፣ ማውዝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሚስተር ማውዝ ሆነ። ለመታወቂያው ፎቶ ተነሳ። የጣት አሻራ ሲፈለግበት የሁላችንም ተገኘበት። ለአዲስ ሠራተኛ እንደ ልማዳችን ኬክ ተቆረሰለት፤ ስሙ በክሬም ተጽፎ። ሎርና የኬኩን ማዕዘን በሳህን አድርጋ አጠገቡ አኖረችለት፤ ሲቆይ ዱዌይን በላው።

«እሺ፣ አሁን ልሥራበት?» አለች ዶሬታ።

«አንቺማ አትነኪውም» አለች ሎርና። «ትተዋወቃላችሁ። አድልዎ ይሆናል።»

ሚስተር ማውዝ ለብቻው ጠረጴዛ ተሰጥቶት፣ መስኮት አጠገብ፣ ገመዱ ተጠቅልሎ ተቀመጠ። ዶሬታ በመስኮት አልባው ጥግ፣ በዚያው በአሮጌው ማውዝ፣ እጇን በፋሻ ጠምጥማ፣ ጥርሷን ነክሳ ትሠራለች። ሲብስባት በግራ እጇ ትሞክራለች፤ በግራ እጅ ስትሠራ ስክሪኑ ላይ ያለው ቀስት እየሳተ «የዶሮ ቤት» የሚለው «የመዋኛ ገንዳ» ይሆንባታል፤ እንደገና ትጀምራለች። አንድ ቀን ከመታጠቢያ ቤት ፊቷን ታጥባ ስትወጣ አየኋት። ታለቅስ ነበር። እኛ ግን የሙከራ ጊዜውን ሳንሸራርፍ ልናስጨርስ ነው።

የግምገማው ቀን ደረሰ። ሚስተር ማውዝ በጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀመጠ። ሎርና መመዘኛዎቹን ታነብ ጀመር።

«የሥራ ሰዓት ማክበር።»

«ከቦታው ንቅንቅ ብሎ አያውቅም» አለ ዱዌይን። «ገመድ አለው።»

«ይህ ትልቅ ነገር ነው» አሉ ሚስተር ክራውስ። «ዛሬ ዛሬ ገመድ አልባው ትውልድ የት ገባ ቢባል አይታወቅም። እሱ ግን ከሥራው ጋር ታስሯል። ከሚጠበቀው በላይ በሉልኝ።»

«አለባበስ።»

እዚህ ላይ ትንሽ ክርክር ነበር። ዘንዶው ያስፈራል ተባለ። አንዷ ባልደረባችን የመብራቱ ቀይ ቀለም ቁጣ፣ አረንጓዴው ቅናት ያስመስልበታል አለች። በዘንዶው ላይ የካውንቲው ዓርማ እንዲለጠፍበት፣ እሱም መብራቱን ወደ ሰማያዊ እንዲያረጋጋ ተመከረ። ዱዌይን አረጋጋው። ምክር የሚቀበል ተብሎ ነጥብ ተጨመረለት።

«ተግባቦት።»

«ስጠይቀው ዝም ነው የሚለኝ» አለች ሎርና።

«አድማጭ ነዋ!» አሉ ሚስተር ክራውስ። «እዚህ ቤት የሚያዳምጥ ሰው ካየሁ ስንት ዘመኔ!»

«በራስ ተነሳሽነት መሥራት።»

ሚስተር ክራውስ እዚህ ላይ ራሴ ካልሞከርኩት አሉ። ዱዌይን ሚስተር ማውዝን ከኮምፒውተሩ ጋር አያያዘው፤ ዶሬታ ያስተማረችውንም ሁሉ እንዳለ ጫነለት። ሚስተር ክራውስ ያዙት። በዚህ ዓይነቱ ርካሽ ማውዝ ላይ ቁልፎቹ የተጣበቁ ናቸው፤ ጣት የሚያሳርፉበት ባዶ ቦታ የለውም፤ አንዱ ካንዱ በዳሰሳ አይለይም። ይህን ማንም ገዝቶ የተጠቀመ ያውቀዋል። የሚስተር ክራውስ አውራ ጣት ደግሞ የሳል መድኃኒት ጠርሙስ ታክላለች። እሳቸው ስለ ተነሳሽነት ምንነት ማብራሪያ እየሰጡ ሳለ አውራ ጣታቸው «ፈቃድ ተሰጥቷል» የሚለው ቁልፍ ላይ ተኝታ ነበር። ማብራሪያው ረጅም ነበር። ሲጨርሱ በካውንቲው ውስጥ ያልተፈቀደ ማመልከቻ አልቀረም።

አጥሩ ተፈቀደ። የዶሮ ቤቱ ተፈቀደ። አንድ ሰውዬ ጣሪያው ላይ ሊቆፍር ያመለከተው የመዋኛ ገንዳ ተፈቀደ። ሕዝቡ ደስታውን መቻል አቃተው። ከካውንቲው ምክር ቤት የምስጋና ስልክ ተደወለ፤ እንዲህ ያለ ቅልጥፍና ታይቶ አይታወቅም ተባለ። ሚስተር ክራውስ ስልኩን ዘግተው ሚስተር ማውዝን አዩት።

«ማንም ሳያዝዘው!» አሉ። «ማንም አላዘዘውም እኮ!»

በሚቀጥለው ሳምንት ሎርና ዶሬታን አስጠራቻት። እኔ የመዝገብ ሳጥን ተሸክሜ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ መሄድ ነበረብኝ፤ አልሄድኩም።

«ዶሬታ ማሬ፣ ጸጉርሽን ተቆርጠሽ ነው? አምሮብሻል!»

«መደቡን ለማን ሰጣችሁት?»

«ጠንካራ ተወዳዳሪዎች ነበሩ። የሥራ ፍጥነት ስናነጻጽር አንቺ በዚህ በጋ ትንሽ ቀዝቅዘሻል። ሚስተር ማውዝ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ—»

«ሚስተር ማን?» ዶሬታ ሳቀች፤ የሳቅ ሳቅ አልነበረም። «ማውዙ? ማውዙን ነው የቀጠራችሁት? በኔ ቦታ?»

«ከሚጠበቀው በላይ ነው ያመጣው።»

«ሎርና፣ አብደሻል? ዕቃዬ እኮ ነው! እኔ ነኝ የገዛሁት። የኔ ነው!»

ሎርና ደነገጠች። ተነስታ በሩን ገፋ አደረገችው፤ እኔ ግን ከሳጥኑ ጋር መሃል ላይ ነበርኩ።

«ዶሬታ፣ እንደሱ አይባልም። ሠራተኛን ‹የኔ ነው፤ ገዝቼው ነው› ማለት በዚህ አገር ከቀረ ቆየ። በተለይ ካንቺ አልጠብቅም ነበር።»

ዶሬታ ቦርሳዋን በደህናው እጇ አንስታ፣ ሹራቧን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች።

«ፈገግታሽ ግን ይናፍቀናል!» አለች ሎርና ከኋላዋ።

እንዲህ ሆኖ ሚስተር ማውዝ በቋሚነት ተመደበ፤ ኢንሹራንስ፣ የሕመም ፈቃድና የጡረታ መብት ተከበረለት። ሚስተር ክራውስ ባደረጉት ንግግር አዲስ ምዕራፍ ተከፍቷል አሉ። ምዕራፉ እንደተከፈተ ቀረ። ሚስተር ማውዝ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሰማያዊ መብራቱን እያበራ ምንም አልሠራም። ሰኞ አልሠራም። ማክሰኞም አልሠራም። ማመልከቻው እንደገና ተቆለለ፤ ሕዝቡ እንደገና ወንበር ላይ ማንቀላፋት ጀመረ። ስለ ጣሪያው የመዋኛ ገንዳ የታችኛው ቤት ነዋሪ ለቅሬታ መጥቶ እሱም እዚያው ተኛ።

«ምን ሆኖ ነው?» አሉ ሚስተር ክራውስ። «ቋሚ ሲሆን ተዝናና እንዴ?»

«ብዙዎች እንደዚያ ይሆናሉ» አለች ሎርና።

መከርነው። የማበረታቻ ደብዳቤ ተነበበለት። አንድ ቀን ሙሉ መንፈሱን እንዲያድስ ተብሎ መናፈሻ ተወሰደ፤ ሣር ላይ አስቀመጥነው። ለውጥ የለም። በመጨረሻ ዱዌይን ዶናቱን እየበላ ተናገረ።

«እጅ የለውም እኮ።»

እኔ አሁን ይሄ ነገር ሊያበቃ ነው፣ ሰዎቹ ነቁ፣ ብዬ ተስፋ አደረግኩ። የዋህነቴ እስከዚያ ድረስ ነበር። ሎርና አፏን በመዳፏ ይዛ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አምላኬ» አለች። «አካል ጉዳተኛ ነው። አካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ቀጥረን አንዳች ድጋፍ ሳናደርግለት ሰነፍ ስንለው ከረምን!»

የሚስተር ክራውስ ፊት አመድ መሰለ። ክስ ታያቸው። ወዲያው ተነስተው ሚስተር ማውዝን በይፋ ይቅርታ ጠየቁት፤ ለቋሚ ሠራተኛ የሚገባው ልዩ ድጋፍ በአስቸኳይ እንዲሟላለት አዘዙ። የሚያስፈልገው አንድ እጅ ነበር። ቁልፎቹን የሚያውቅ እጅ በኦሃዮ ውስጥ አንድ ብቻ ነው።

ዶሬታን ደውዬ የጠራኋት እኔ ነኝ። መጣች። እጇ አሁን እስከ ክርኗ ተጠምጥሟል፤ ከስታለች። ሎርና ጫማዋን አደነቀችላት።

«የሚስተር ማውዝ ድጋፍ ሰጪ እጅ ሆነሽ ትሠሪያለሽ» አለቻት። «ተጠሪነትሽ ለሱ ነው።»

«ለማውዜ?»

«ለሚስተር ማውዝ።»

ዶሬታ ጣሪያውን ተመለከተች፣ እኔን ተመለከተች፣ ዘንዶው ላይ የተለጠፈውን ዓርማ ተመለከተች። «ኢንሹራንስ አለው?»

«አንቺ የለሽም። ሚስተር ማውዝ ግን አለው» አለች ሎርና፤ መመሪያውን ገለጥ ገለጥ አደረገች። «እጁ ደግሞ የሱ አካል ተደርጎ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ እጅሽ በሱ ኢንሹራንስ ይታከማል። ከክርን በላይ ያለው ክፍልሽ አይመለከተንም።»

«ጉንፋን ቢይዘኝስ?»

«እጅሽን ከያዘው ይከፈላል።»

ሌላ ሰው ቢሆን ወንበር ያነሳ ነበር። ዶሬታ ግን ብዙ ዘመን እኛ ጋ የሠራች ሴት ናት፤ ሞኝነት ሲበዛ መሃሉ ላይ መውጫ በር እንደሚኖረው ከማንም በፊት ታየዋለች። «እሺ» አለች። ቁጭ ብላ ሚስተር ማውዝን ጨበጠችው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ለቀዶ ሕክምና የፈቃድ ጥያቄ አቀረበች። ጥያቄው ወደ ቅርብ አለቃዋ ተላለፈ። የቅርብ አለቃዋ መዳፏ ውስጥ ነበር። በሎርናና በኔ ፊት ቁልፉን ጫነችው፤ «ፈቃድ ተሰጥቷል»።

«አለቃዬ እሺ ብሏል» አለች። ገመዱን ነቅላ፣ ጠቅልላ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«እሱን የት ትወስጂዋለሽ?»

«አካሉ ሊቀደድ አይደል እንዴ? ያለ እጁ እዚህ ትቼው ልሂድ? እሱም የሕመም ፈቃድ ወጥቷል፤ አይታይሽም?»

ሎርና መመሪያውን ብታገላብጥ ትክክል ሆኖ አገኘችው። በሩን ከፈተችላቸው።

ቀዶ ሕክምናው ተደረገ፤ ሚስተር ማውዝ ከፈለ። አንድ ወር አለፈ፤ ሌላ ወር ተከተለ። ፈቃዱ ባለቀ ቁጥር ይታደሳል። አንድ ጠዋት ሚስተር ክራውስ ሎርና ቢሮ ገቡ።

«ያቺ ሴትዮ የት ናት? ማነው ይህን ሁሉ ፈቃድ የሚሰጣት?»

«አለቃዋ።»

«አለቃዋ ይጠራልኝ!»

«የሕመም ፈቃድ ላይ ነው።»

«ማን ፈቀደለት?»

«እርስዎ። ቋሚ ሠራተኛ ነው ብለው ፈርመዋል።»

«ደብዳቤ ጻፊለትና ይምጣ!»

«ደብዳቤውን የሚከፍትለት እጁ ነው። እጁ ደግሞ ፈቃድ ላይ ናት።»

ሚስተር ክራውስ ኮፍያቸውን አነሱና «መኪና አውጣ» አሉኝ።

ዶሬታ በሯን ስትከፍት እጇ ላይ ቀጭን ማሰሪያ ብቻ ቀርቷል። ጣቶቿን አንድ በአንድ አጥፋ ዘረጋችልኝ፤ ደስ አለኝ፤ ሳላስበው አቀፍኳት። ሚስተር ማውዝ ሳሎን ውስጥ፣ መስኮቱ ጋ፣ ትራስ ላይ ነበር። ሚስተር ክራውስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሚስተር ክራውስ» አለች ዶሬታ፣ ንግግሩ ሳይጀመር። «እዚህ ሌላ ሰው የለም። እውነቱን እንነጋገር። ይሄ ዕቃ ነው። ርካሽ የጌም ማውዝ ነው። ከፈለጉ አሁን ይሄንኑ ይበሉና እኔም ነገ ጠዋት እገባለሁ፤ መደቤን ይሰጡኛል፣ ማውዙን ይሰኩልኛል፣ አለቀ።»

ሚስተር ክራውስ ማውዙን አዩት። ምክር ቤቱ ያመሰገነው እሱን ነው፤ የፈረሙለት እሳቸው ናቸው፤ ኬኩን የቆረሱት እሳቸው ናቸው። አንዲት ቃል ነበር የሚጠበቅባቸው።

«ሚስተር ማውዝ» አሉ፤ ጎንበስ ብለው። «ቶሎ ይሻልዎት። ስለ ሥራው ምንም አያስቡ።» ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ወጡ።

መኪና ውስጥ ገብተን መንገድ ስንይዝ ወደ ራሳቸው ተመለሱ።

«ጨዋ ነው» አሉ። «አንዲት ክፉ ቃል ከአፉ አልወጣም። ጥፋቱ የእጁ ነው። እጁ አድማ እየቀሰቀሰችበት ነው። አንድ ወጣት፣ ታዛዥ እጅ ፈልገን፣ እሷን ዛሬውኑ ብናሰናብታትስ? ምን ይመስልሃል?»

ደሜ ፈላ። ይኼ ሰው፣ ከወጣንበት ቤት በር ገና ሳንርቅ! መሪውን በቡጢ ልመታው ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ግን ብዙ ዘመን መዝገብ ቤት የሠራሁት በከንቱ እንዳልሆነ ተሰማኝ፤ ድምፄን የሎርናን ድምፅ አስመሰልኩት።

«ጌታዬ፣ ሐሳቡ ድንቅ ነው። ግን በመመሪያው ሠራተኛ የሚያሰናብተው የቅርብ አለቃው ብቻ ነው። እርስዎ በሚስተር ማውዝ ሥልጣን ከገቡ ደግሞ አካል ጉዳተኛ የበደሉ ይሆናሉ።»

ሚስተር ክራውስ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ። ሥልጣን ከያዙ ወዲህ እንዲህ ዝም ሲሉ የሰማኋቸው ያን ቀን ነው።

ዶሬታ እጇ ከዳነ በኋላ ተመልሳለች። በመስኮቱ ጠረጴዛ ተቀምጣ የቀኑን ሥራ በጠዋቱ ትጨርሳለች፤ ከሰዓት በኋላ አለቃዋ ፈቃድ ይሰጣታል። የዚህ ዓመት ምዘናዋንም ሞልቶላታል፤ ከሚጠበቀው በላይ ብሏታል። ሚስተር ክራውስ ሲያልፉ ለሱ ኮፍያቸውን ያነሳሉ፤ እሷን አያዩዋትም። እሷም ግድ የላት፤ አለቃዋ እስከ ዛሬ አላባረራትም።